ሳይለመኑ እሺ የማይሉት ልብስ ሰፊ

የጋሼ ሀብቴን ማረፍ የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ዲላ ያለችው እህቴ ደብዳቤ ጽፋልኝ፣ ደብዳቤውም እኔ ከልጄ ጋር ወደምኖርበት ወደ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ መንገድ ላይ ሰንብቶ ነው። እንዳነበብኩት ተነሥቼ አማተብኩ፣ ነፍሳቸውን ይማር ብዬ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ተመልሼ የሚቀጥለውን መስመር ሳነብ ግን ተናደድኩ። “ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ፣ ‘ፓርላማ መግባት የነበረበት ሰው! ምነው ሳይመረጥ ቀረ!’ እያለ ሲያለቅስ ዋለ” ትላለች እህቴ።

ምነው ሳይመረጥ ቀረ? ሳይመረጥማ አልቀሩም። ሳይወዳደሩ ነው የቀሩት።

በጃንሆይ ጊዜ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው ፓርቲ አያቀርበውም ነበር፤ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረማ። ሰውየው ራሱ በእግሩ ሄዶ እወዳደራለሁ ይላል፣ በአካባቢው ንብረት እንዳለው ያሳያል፣ የደጋፊዎቹን ፊርማ ያያይዛል፣ በራሱ እጅ ፈርሞ ስሙን ያስመዘግባል። ለጋሼ ሀብቴ ፊርማው ተሰብስቦላቸው ነበር እኮ! ከወናጎ፣ ከጪጩ፣ ከዲላም ከተማ፣ መጻፍ የማይችለው የቡና ገበሬ ሁሉ አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ አትሞላቸዋል። የጎደለው የሳቸው ፊርማ ብቻ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው የስፌት መኪናቸው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሰዎቹ በየቀኑ ይመላለሳሉ፣ እሳቸው ደግሞ “እስቲ ትንሽ እንጠብቅ፤ ከኔ የሚሻል ሰው አስቦበት ይሆናል፤ ቦታውን ልሻማው?” ይላሉ። የመመዝገቢያው ቀን አለፈ። የሚሻል ሰው አልመጣም። የመጣው ማን እንደነበረ ዲላ ያውቃል፤ ሐሜት ስለሚሆንብኝ ስሙን አልጠራም።

ለቅሶ ላይ ያለቀሱት ሰዎች ይህን እንደ ትሕትና ነው የሚያወሩት። እኔ ግን የጋሼ ሀብቴን ትሕትና ከማንም በፊት አውቀዋለሁ። በጣሊያን ጊዜ የባለቤቴ ነፍስ በሳቸው አንዲት “እሺ” ላይ ወድቃ ነበርና።

ጋሼ ሀብቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አባታቸው ከመንዝ የመጡ ወታደር፣ እናታቸው የጌዴኦ ሴት። ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ውሃ ይጠጡታል። ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው ሲሰፉ፣ ግማሹ ሰው ልብስ ሊያሰፋ፣ ግማሹ አቤቱታ ሊያጽፍ ይመጣል። ለሰው አቤቱታ ሲጽፉ ድንጋይ ያስለቅሳሉ። ለራሳቸው ግን አንድ ነገር እንኳ መጠየቅ አይሆንላቸውም። በር ላይ ከሰው ጋር ከተገናኙ አለቀ፤ “እርስዎ ይቅደሙ” ሲሉ ሌላውም “እርስዎ” ሲል ዝናብ ይመታቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቦታ እያለ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆመው ያስቀድሳሉ። ሲመሰገኑ ደግሞ የልብስ መለኪያውን ሜትር ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉና እየፈቱ፣ “ኧረ እጅጌው ጠማማ ነው፣ ልፍታው” ይላሉ። ጠማማ ሆኖ አያውቅም።

የሠርጌን ቀሚስ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጨርቁን አጣጥፈው ወደ ቤታችን መጡና እናቴን፣ “ለእንዲህ ያለ ቀን ከኔ የሚሻል ሰፊ ይርጋለም አለ” አሏት። እናቴ በእመቤታችን ብላ ለመነቻቸው። “አይሆንም” አሉ። አባቴ ተነሥቶ ለመናቸው። “እንጃ” አሉ። በሦስተኛው አያቴ ከመደብ ተነሥታ “በሞቴ” ስትላቸው፣ “እንግዲህ ካላችሁ” ብለው ጨርቁን ይዘው ተመለሱ። ቀሚሱ ተሰፍቶ አልቆ ነበር። አስቡት፤ ሰፍተው ጨርሰው ነው ሊለመኑ የመጡት!

ሳልዋሽ ልናገር ካልኩ፣ ይህ የሳቸው ብቻ ጠባይ አልነበረም። በሰፈራችን ወጉ ይኸው ነበር። ማኅበር ለመምራት፣ ለሙሴነት ይሁን ለሽምግልና፣ የተጠራ ሰው መጀመሪያ “አልበቃም” ይላል፣ ሰው ይለምነዋል፣ እንደገና ይላል፣ እንደገና ይለመናል፣ በሦስተኛው ይቀበላል። ከመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ምን ፈልጎ ነው ተብሎ ይታማል። ጋሼ ሀብቴ ወጉን ከሁላችን አብልጠው ያከበሩ ሰው ናቸው፣ ሌላ አይደለም።

ጣሊያን ዲላ በገባ ጊዜ እኔ ካገባሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ ታደሰ ከጦሩ ጋር ዘምቶ፣ እግሩን ተመትቶ እያነከሰ ተመልሷል። አንድ ቀን አዋጅ ተነገረ። ዘምቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያስፈልገዋል ተባለ። ለየሰፈሩ አንድ ተወካይ ይሾማል፤ ተወካዩ “አውቀዋለሁ” ያለው ሰው በቤቱ ይቀመጣል፣ “አላውቀውም” ያለው በካሚዮን ይጫናል። ከታችኛው ሰፈር የተጫኑ ነበሩ። አንድም የተመለሰ የለም።

ተወካይ ለመሆን ቋምጦ የተነሣው ደግሞ ዘለቀ ነው፤ ጎረቤታችን። ከታደሰ ጋር በአጥር ተጣልተው አሥር ጊዜ ተዳኝተዋል፤ በመጨረሻው ታደሰ ስለረታው በቁርጥ ቀን አገኝሃለሁ ብሎ ዝቶበታል። ስለዚህ ለኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጋሼ ሀብቴ ከተሾሙ ታደሰ ይተርፋል። ዘለቀ ከተሾመ ባል የለኝም። ሱባኤ ገባሁ። ለጋሼ ሀብቴ ግን ሄጄ አልነገርኳቸውም፤ ሰፈሩ በሙሉ እሳቸውን እንደሚል ታውቆ ነበርና ምን ያስፈልጋል ብዬ።

ስብሰባው ከቡናው መጋዘን ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ነበር። የጣሊያኑ ሹም ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። አስተርጓሚው ወረቀትና እርሳስ ይዞ አጠገቡ ቆሟል። ወንዶቹ ሣሩ ላይ፣ እኛ ሴቶች ከእንሰቱ አጥር ወዲያ።

“ሰፈሩ ሦስት ዕጩ ያቀርባል” አለ አስተርጓሚው። “አንድ ሰው ስም ይጠራል፣ ሁለት ሰው ይደግፋል። የተጠራው ሰው ተነሥቶ ፈቃደኛ ነኝ ይላል። ጌታው ከሦስቱ አንዱን ይሾማል። ገባችሁ?”

“ገብቶናል!” አለ ሰዉ።

አልገባንም ነበር።

መጀመሪያ መሪጌታ ተጠሩ። “ዓይኔ ደክሟል፣ ጎልማሳ ፈልጉ” አሉ። አስተርጓሚው ስማቸውን ጻፈና ሰረዘው። ቀጥሎ አንድ ቆዳ ነጋዴ ተጠራ። “እኔ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነኝ” አለ። እሱም ተሰረዘ። ሰዉ ሳቀ፤ የልመናው ተራ ሲደርስ የሚስተካከል መስሎታል። በዚህ መሐል ከጪጩ የመጡ ጅግሶ የሚባሉ የጌዴኦ ሽማግሌ ብድግ አሉ።

“ሀብቴ ይሁን” አሉ። “እሱ የኛ ቋንቋ ያውቃል። የናንተ ቋንቋ ያውቃል። ወረቀትም ያውቃል። ውሸት ብቻ ነው የማያውቅ።”

“እደግፋለሁ!” “እኔም!” “እኔም!” ሁለት ደጋፊ ሲፈለግ ሃያ ተነሣ። እኔ ከአጥሩ ወዲያ ሆኜ ተመስገን አልኩ።

ጋሼ ሀብቴ ተነሡ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጣታቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ። ወዮ አልኩ በሆዴ።

“ወገኖቼ፣ አክብራችሁኛል። ነገር ግን እኔ ለዚህ የበቃሁ ሰው አይደለሁም። ከኔ የሚሻል አይታጣም።”

አስተርጓሚው ሰረዘ።

“ኧረ ቆይ! ምን ትሰርዛለህ?” አሉ መሪጌታ። “ገና መቼ ለመንነው?”

“ለምን ትለምኑታላችሁ? ራሱ አልበቃም እያለ?”

“እንደሱ ማለት አይደለም!”

“ታዲያ ምን ማለት ነው?”

ያን ሁሉ ዘመን ስንኖርበት የነበረውን ነገር አንድ ሰው ተነሥቶ ማስረዳት አቃተው። ጅግሶ ብቻ፣ “እኛ ሶንጎ ላይ ስንቀመጥ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ እንጠብቃለን። አንተ ሥራ ይዘሃል እንዴ?” አሉት። ሶንጎ ማለት የጌዴኦ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ሸንጎ ነው። አስተርጓሚው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን መመስከር አለብኝ። ወደ ጋሼ ሀብቴ ዞረና፣ “አንተ ሰውዬ፣ ትፈልጋለህ አትፈልግም? አንድ ቃል” አለ።

“መፈለግስ... ሕዝቡ ካለ...”

“ሕዝቡ ብሏል። አንተስ?”

“እኔማ ምን እላለሁ። ብቻ የሚሻል ሰው ካለ እሱ ቢቀድም...”

የጣሊያኑ ሹም ሰዓቱን አየና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው የተሰረዘውን ስም ደግሞ ሰረዘው። ይሄኔ ዘለቀ ማንም ስሙን ሳይጠራው ብድግ ብሎ “እኔ ፈቃደኛ ነኝ!” አለ። አማቹ ጠራው፣ ሁለት አጃቢዎቹ ደገፉት፣ እነዚያው ሁለቱ ደግሞ ዕጩ ሆነው ቁጥሩን ሞሉለት። አለቀ።

እኔ ያን ጊዜ ጋሼ ሀብቴን “እሺ በሉ!” ብዬ ብጮኽ ኖሮ ይሰሙኝ ነበር። ከአጥሩ ሩቅ አልነበሩም። ነገር ግን ሴት ልጅ በወንዶች ጉባኤ አትናገርም ተብዬ ያደግሁ ነኝ። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት። ስለዚህ በሳቸው ስናደድ ሁልጊዜ ጥቂት ለራሴም አስቀራለሁ።

በማግስቱ አስተርጓሚው በዕጩዎቹ ላይ ተቃውሞ ያለው እስከ ቅዳሜ ቀትር በጽሑፍ ያቅርብ ማለቱን ሰማሁ። ነገር ግን ተቃዋሚው በዕጩው ቦታ ራሱን ማቅረብ አለበት። ቅዳሜ ጠዋት እየሮጥኩ ጋሼ ሀብቴ በረንዳ ደረስኩ።

“ጋሼ፣ ዘለቀ ታደሰን እንደሚያስጭነው ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ” አሉ። መልካቸው ጠቁሮ ነበር። “ሁለተኛ ቢለምኑኝ እኮ እሺ ልል ነበር፣ አንቺ ልጅ።”

“ጣሊያን ይለምናል እንዴ ጋሼ! በሉ ይጻፉ።”

“ምን ብዬ?”

“ከዘለቀ እኔ እሻላለሁ ብለው።”

“ኧረ እቴ! ሰው በገዛ እጁ ስለ ራሱ እንዲህ ብሎ ይጽፋል? ኃጢአትም ነው።”

“ኃጢአቱን እኔ ልሸከመው።”

“የሰው ኃጢአት ሰው አይሸከምም። አንቺ ደግሞ ጾመኛ ነሽ፣ ይህን አታጪውም።”

ቢሆንም ብዕሩን አነሡ። አገር የሚያስለቅሰው ብዕር ማለት ነው። ጻፉ፣ ጻፉ፣ ከዚያ አነበቡልኝ። “‘ከአቶ ዘለቀ ይልቅ እኔ ብሆን ሳይሻል አይቀርም ብለው የሚገምቱ አንዳንድ ሰዎች መኖራቸውን ስለሰማሁ...’”

“ጋሼ! ሰማሁ ነው የሚሉት? እርስዎ ነዎት እኮ!”

ቀደዱት። ሁለተኛው ላይ ለፍርድ እንዲመች ብለው የዘለቀን ደግ ሥራ ከላይ ዘረዘሩ፤ ድልድይ ሲሠራ እንጨት አዋጥቷል ምናምን። እሱንም እኔ ቀደድኩት። በሕይወቴ የሰው ወረቀት ቀድጄ አላውቅም። ፀሐይዋ ከበረንዳው ጣራ በላይ ወጥታለች። በመጨረሻ ዓይኔን አይተው ይሁን ምን እንጃ፣ “እኔ ሀብቴ ፈቃደኛ ነኝ” ብለው ጻፉ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወረቀቱን ልቀበል እጄን ስዘረጋ፣ “ቆይ፣ ቀለም ተንጠባጥቦበታል፣ በንጹሕ ልገልብጠው” አይሉም?

የሹሙ ቢሮ በር ላይ ስንደርስ ቀትር አልፎ፣ ዘበኛው ቁልፉን ኪሱ እየከተተ ነበር።

ሰኞ ካሚዮኑ ሜዳው ላይ ቆመ። ዘምተው የተመለሱት ተሰለፉ። ዘለቀ ከሹሙ ጎን ቆሞ ስም ይጠራል። “አውቀዋለሁ” ያለው ወደ ግራ፣ “አላውቀውም” ያለው ወደ ካሚዮኑ። ከታደሰ በፊት ሁለት ሰዎችን “አላውቃቸውም” አለ። ተጫኑ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

“ታደሰ!” ተባለ።

“አላውቀውም” አለ ዘለቀ። አጥር ለአጥር የሚኖር ሰው! ወታደሮቹ ታደሰን በክንዱ ይዘው ሲጎትቱት እግሩ አልታዘዝ ብሎት ወደቀ። እኔ የጮኽኩ መስሎኝ ነበር፤ አልጮኽኩም።

“እኔ አውቀዋለሁ!”

ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው የነበሩት ጋሼ ሀብቴ ናቸው። ሽማግሌዎቹን እየገፈተሩ፣ የመሪጌታን እግር ረግጠው ወደ ፊት ወጡ። ሜትሩ መሬት ለመሬት ይጎተታል።

“አንተ ደግሞ ምንድን ነህ?” አለ አስተርጓሚው። “ተወካይ ነህ?”

“አይደለሁም።”

“ማን አቀረበህ?”

“ማንም አላቀረበኝም። ራሴ መጣሁ። ዋሱ እኔ ነኝ። ከጠፋ እኔን ጫኑ።”

አስተርጓሚው ለሹሙ ብዙ ነገር ነገረው። ያ ሁለቴ የሰረዝነው ሰውዬ ነው ሳይለው አልቀረም፤ ሹሙ ጋሼ ሀብቴን ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። ከዚያ በእጁ ምልክት ሰጠ። ታደሰን ለቀቁት። በየሰኞው ሁለታችሁም እየመጣችሁ ፈርሙ ተባሉ። ካሚዮኑ ሁለቱን ሰዎች ይዞ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼ ሀብቴ ቤታችን መጡ። ነጠላቸውን አደግድገው ደጃፍ ላይ ቆሙ። ታደሰ ተነሥቶ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ከለከሉት።

“ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት” አሉ። “ሰኞ ዕለት ሳልጠራ ተናገርኩ። በሽማግሌ ፊት ጮኽኩ። መሪጌታንም ረገጥኩ፤ ከሳቸው ዘንድ ደርሼ ነው የመጣሁት። እናንተንም አሳፍሬያችሁ ይሆናል።”

በዚህ ጊዜ እኔ፣ ለሰው ክፉ ቃል ላለመናገር ስጠነቀቅ የኖርኩት ሴት፣ አፌ ተከፈተ።

“ጋሼ፣ ስለ ጮኹበት ይቅርታ ይጠይቃሉ? ዝም ስላሉበትስ? ሁለቱ ሰዎች ሲጫኑ እዚያው ቆመው አልነበረም? ቀድመው ቢጮኹ ምን ነበር?”

ታደሰ “ኧረ በሕግ!” አለኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው።

“ለእነሱ ማንን ይቅርታ ልጠይቅ?” አሉኝ። “ማንን እንደሆነ ካወቅሽ ንገሪኝ። ዛሬውኑ እሄዳለሁ።”

ውሃ አመጣሁላቸው፣ ጠጥተው ሄዱ። ጣሊያን እስኪወጣ በየሰኞው ከታደሰ ጋር ቢሮ ተመላለሱ። ታደሰ በአልጋው ላይ፣ በልጆቹ መሐል፣ በዕድሜው አርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ እነዚያ ሁለት ሰዎች ግን ከጋሼ ሀብቴ ጋር ዳግመኛ አላወራንም።

እኔ በጸሎቴ አልረሳቸውም። የአንደኛውን ስም ኋላ የወናጎ ሰዎች ነግረውኛል፤ በስሙ እጠራዋለሁ። የሁለተኛውን ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ዘለቀ ጮክ ብሎ ነበር የጠራው፣ ከሱ አጠገብ ነበርኩ። ግን የታደሰን ስም ብቻ እየጠበቅሁ ነበርና ጆሮዬ ሌላ አልሰማም።